አራት ቁጥር ጠርሙስ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለልጄ አልነገርኳትም። ለእህቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን የነገርኳቸው ሌላ ነገር ነው። እሱንም እደርስበታለሁ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። ጥፋቴን ግን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው፤ ወደ ኋላ ካስቀረሁት እንደለመድኩት አለባብሼው ላልፍ እችላለሁ። ለምርመራ የመጣ የሰው ውሃ ከነጠርሙሱ ሰበርኩ። በቦታው ሌላ ውሃ ሞላሁ። ዝም አልኩ። የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያኔ ከዊንጌት ወረድ ብሎ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ ጽዳትና ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ስሙን አልጽፈውም፤ ዛሬ ተዘግቶ ቤቱ የስልክ መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። ከየአገሩ ውሃና አፈር ታሽጎ ይመጣል፤ ኬሚስቱ ይመረምራል፤ እኔ ጠርሙሶቹን አጥቤ አደርቃለሁ። የሚመጣውን ውሃ ናሙና ይሉታል። ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ልጄ ሳምራዊት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ደረቷ ደካማ ነው፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመጣ እንደ ትልቅ ሰው ትስላለች። ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔዎች ከሚሠሩበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። የሽመናው ዕቃ ቋቋታ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል፤ ሳምሪ ያንን እየቆጠረች ነው ቁጥር የለመደችው።

እኔ ተፈጥሮዬ መጠንቀቅ ነው። በሩን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ምድጃውን አጥፍቼ በእጄ እነካዋለሁ። ሥራ ቦታም በዚህ ነው የሚያውቁኝ። ኬሚስቱ ዳዊት የሚባል ወጣት ነበር፤ ቀልድ ይወዳል። ጠርሙስ ሳጥብ ቆሞ ያየኝና፣

«የሳምሪ እናት፣ አንቺ እኮ ቆሻሻውን አይደለም የምታጥቢው፤ ኃጢአቱን ነው» ይለኛል።

እስቅ ነበር። አሁን ይቺ ቀልድ ትዝ ስትለኝ አንገቴን እደፋለሁ።

ጫልቱ የመጣችው አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአገሯ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው። የበረዶ ሳጥኑን ሁለቱንም ቀን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የመጣችው፤ ረዳቱ ከላይ ልጫነው ቢላትም እንቢ ብላ። በሳጥኑ ውስጥ ስድስት የመስታወት ጠርሙሶች ነበሩ፤ ከስድስት ምንጭ የተቀዱ፤ በነጭ ፕላስተር ላይ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ዳዊት ፎርሙን ለማምጣት ሲገባ እኔና እሷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሻይና ዳቦ ሰጠኋት። የኔ እኩያ ትሆናለች፤ ግን ልጇን ድራለች። እጆቿ ከውሃና ከአሸዋ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

አገሯ ወርቅ ያለበት አገር ነው። ሴቶቹ ከወንዙ ዳር አሸዋውን ቆፍረው በገበቴ ያጥባሉ። መጨረሻ ላይ የቀረውን ደቃቅ ወርቅ ለመያዝ ባዘቃ ይጨምሩበታል፤ ዳዊት ሜርኩሪ የሚለው፤ ያ እንደ ብር የሚያበራው፣ እጅ ላይ የሚንከባለለው ፈሳሽ። ወርቁን ይሰበስብላቸዋል። ከዚያ በእሳት ያተኑታል፤ የፈሰሰው ወደ ጅረቱ ይሄዳል። አያቶቻቸው ይህን አያውቁም ነበር፤ ነጋዴዎች ናቸው ያመጡላቸው። ከጊዜ በኋላ በሽታ እንደሚያመጣ ሰሙ። አሁን ማኅበር አቋቁመዋል፤ ጫልቱ የማኅበሩ ጸሐፊ ነች። የተቆፈረውን ጉድጓድ ሊደፍኑ፣ ዛፍ ሊተክሉ፣ የወርቅ ማጠቢያውን ከምንጮቹ አርቀው በአንድ ኩሬ ሊያደርጉት ነው። የሚያግዛቸው አንድ ፕሮጀክት አለ። ፕሮጀክቱ ግን በመጀመሪያ የትኛው ምንጭ ንጹህ፣ የትኛው የተበከለ እንደሆነ በወረቀት አሳዩኝ ብሏቸዋል።

«ወርቁ ያልቃል እህቴ» አለችኝ ዳቦዋን እየቆረሰች። «እኛ ግን አናልቅም። የትም አንሄድም። ያን ጊዜ ምን እንጠጣለን?»

ይህን ስትል እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ገብቶኛል ማለት ነው። አልገባኝም ነበር ብዬ ዛሬ ላመካኝ አልችልም።

ከዚያ ሳጥኑን ከፈተችና በጣቷ የአንዱን ጠርሙስ ክዳን መታ መታ አደረገችው። አራት ቁጥር ነው።

«እኔ የምፈራው ይቺን ነው። ከማጠቢያችን ሥር ያለችው ምንጭ ነች። የልጄ ሚስት ቤት እዚያ ነው። አሁን ደግሞ አርግዛለች፤ የመጀመሪያዋ።»

«ምንም አይሆንም» አልኳት።

«አደራ። ከተበላሸ ሌላ ለማምጣት ሁለት ቀን ነው። ክረምቱም እየገባ ነው፤ መንገዱ ይቆረጣል።»

«እኔ አለሁ» አልኩ። በዚህ አፌ፣ እኔ አለሁ አልኳት።

ዳዊት ፎርሙን ፈርሞ ጠርሙሶቹን ፍሪጅ ውስጥ አስገባ። እሷ ዘመዶቿ ጋ ሄደች። ሰኞ ወደ አገሯ እንደምትመለስ ነግራኛለች። ሰኞ ማለት፣ ቅዳሜና እሑድ እዚሁ አዲስ አበባ ነበረች ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ከሥራ በፊት ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ሳምሪ ሳምንቱን ሙሉ ስትስል ነበር፤ ጸበል ላመጣላት ፈልጌ ነው። በላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አቁሜ፣ በሚኒባስ በቀጥታ ወደ ሥራ ወረድኩ። ቢሮው ባዶ ነበር። ዳዊት ቅዳሜ በአራት ሰዓት ነው የሚገባው።

ፍሪጁን አጽጂ ያለኝ ሰው የለም። የናሙና ፍሪጅ የኔ ሥራ አይደለም። ከታችኛው መደርደሪያ ላይ የቆየ የውሃ ምልክት አየሁና አላስችል አለኝ። እንዲህ ነኝ። ስድስቱን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። መደርደሪያውን ወለወልኩ። ደግሜ ወለወልኩ። ጨርቁን ለመጭመቅ ስዞር ክርኔ ነካው።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አየሁ። አራት።

ለምን አራት ሆነ? ለምን አንድ ወይም ስድስት አልሆነም? ይህን ስንት ጊዜ ጠይቄአለሁ። ግን ይሄ የሞኝ ጥያቄ ነው፤ ስድስት ቢሆንም ያው የሞላሁት እኔ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የመለኪያ ብርጭቆ ሰብሬ ነበር። ከውጭ የመጣ ነው። ኃላፊያችን አስጠርቶኝ፣ «ሌላ ዕቃ ከተሰበረ ደብዳቤም አልጽፍልሽ፤ በዚያው በር ነው የምትወጪው» ብሎኛል። እዚያ ቆሜ የታየኝ ያ በር ነው። ከዚያ ሳምሪ፣ ከዚያ ክፍላችን። ጫልቱ አልታየችኝም። የልጇ ሚስት አልታየችኝም። ሐሰት መናገር ካልፈለግሁ፣ ለትንሽ ጊዜ ታዩኝ፤ እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ዛሬ በጣም ቀላል ሆኖ ነው የሚታየኝ። ዳዊት ሲመጣ «አራት ተሰበረ» ማለት። ይቆጣ ነበር። ጫልቱን ይፈልጋት ነበር። ወረቀቱ ላይ ከአራት ፊት ለፊት «አልተመረመረም» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ባዶ መስመር ይሆን ነበር። ባዶ መስመር ሰው ላይ ጉዳት አያደርስም፤ የሚያየው ሁሉ «ይሄስ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። እኔ ያንን ባዶ መስመር ነው የሞላሁት።

በቁም ሳጥኑ ውስጥ ተመሳሳይ ባዶ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ያጠብኳቸው እኔው ነኝ። አንዱን አወጣሁ። ወደ ቧንቧው ሄድኩና ቆምኩ። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት አለው፤ ዳዊት በአፍንጫው ያውቀዋል። የምንጭ ውሃ ያስፈልገኛል። የምንጭ ውሃ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ።

አዎ። በጸበሉ ነው የሞላሁት።

ስሞላው እጄ አልተንቀጠቀጠም። እንደ ደንቡ በመጀመሪያ ጠርሙሱን በትንሽ ጸበል አለቅልቄ ደፋሁ፤ ዳዊት እንዲህ ሲያደርግ አይቼ ነው። ከዚያ እስከ አንገቱ ሞላሁት። ከሌሎቹ ጋር ሳስተያየው በጣም ጠራብኝ፤ አምስቱ ደብዘዝ ያሉ ናቸው። በረንዳው ላይ ካለው የአበባ መትከያ በማንኪያ ጫፍ አፈር አምጥቼ ጨመርኩበት፤ ነቀነቅሁት፤ በብርሃን አየሁት። ትንሽ በዛ። ደፍቼ በጸበል አቀጠንኩት። ከስብርባሪው ላይ ፕላስተሩን ሳይቀደድ ላጥኩና በአዲሱ ላይ ለጠፍኩ። በአውራ ጣቴ ጠርዝ ጠርዙን ጫንኩት።

ድንጋጤ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው ይህን ሁሉ የምዘረዝረው። ድንጋጤ እንዲህ አያደርግም። ድንጋጤ አፈር መጥኖ አይጨምርም። ሰው ሁሉ ያመሰገነኝ ጥንቃቄዬ ነው ይህን የሠራው።

የፈሰሰውን ውሃ በመወልወያ ሰበሰብኩና ቱቦው ላይ ጨመቅኩት። ሁለት ቀን በጭን የመጣ ውሃ ነው። እኔ ጨምቄ ቱቦ ውስጥ ከተትኩት፤ ከላዩ ላይ ሳሙና አፈሰስኩበት።

ማታ ሳምሪ፣ «እማዬ፣ ጸበሌስ?» አለችኝ።

«ሰልፍ በዝቶ ሳልቀዳ ተመለስኩ» አልኳት። በዚያ ቀን የዋሸሁት ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ረቡዕ ዕለት ዳዊት ውጤቱን ይዞ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። አምስቱ ምንጮች ላይ ባዘቃ ተገኝቷል፤ አንዱ ላይ በርከት ብሎ። ከዚያ አራት ላይ ሲደርስ ፉጨት አሰማ።

«ይቺን ውሃማ አሽገን እንሽጣት የሳምሪ እናት! በዓመቱ መኪና እንገዛለን።»

ሳቅኩ። ስቄ ስጨርስ እሱ ወረቀቱን እያየ ነው። ወደ ካርታው ሄደ፤ ተመለሰ።

«ግን ይገርማል» አለ። «ከማጠቢያው ሥር ያለችው እኮ ይቺ ነች። ርቀው ያሉት ተበክለው ይቺ እንዴት ትተርፋለች?» ወደኔ ዞረ። «ጠርሙሶቹ አልተቀያየሩም አይደል?»

እግዚአብሔር በሩን እንደገና ከፈተልኝ። ቅዳሜ ፈርቼ ዘጋሁት እንበል፤ ረቡዕ ይኸው ራሱ ተከፈተ፤ ሰውዬው ራሱ ጠየቀኝ። መናገር እንኳ አልነበረብኝም፤ ዝም ብል ይበቃ ነበር።

«እኔ ነኝ እኮ የማያቸው» አልኩት። «በኔ እጅ ነው ያሉት።»

ፊቱ ፈታ አለ። «አንቺ ካልሽማ በቃ» አለና ፈረመ።

ከዳዊት ፊርማ ሥር የኔ ቃል አለ። ማንም አያየውም፤ እኔ ግን አየዋለሁ። ዳዊትን አትውቀሱት። ያመነው ዓመታት ሙሉ ያየውን ሴት ነው።

ከወር በኋላ ስልክ ጮኸ፤ ቢሮው ውስጥ እኔ ብቻ ስለነበርኩ አነሳሁት። ጫልቱ ነች። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ድምፅዋ ግን ሰርግ ላይ ያለች ነው የሚመስለው።

«አንቺ ነሽ? የሻይዋ እህቴ? አራት ንጹህ ነች አሉን! ስፈራት የነበረችው!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«ሌሎቹን አጥረናቸዋል። አራትን በሲሚንቶ ሊያጎለብቱልን ነው፤ ቧንቧ ሊያወጡላት። ሁሉም ሰው ከአራት ሊቀዳ ነው። ማጠቢያችንም እዚያው ባለበት ይቆይ አሉ፤ አራትን አልጎዳም ተብሎ። ለኩሬው የተያዘው ገንዘብ ለችግኝ ይሆናል።»

እኔ የስልኩን ገመድ በጣቴ ላይ እየጠመጠምኩ ነው የሰማሁት። ገባችሁ? ያች ሴት ማጠቢያውን ከምንጩ ልታርቅ ነበር የመጣችው። የኔ ጠርሙስ እዚያው አስቀረው። የኔ ጠርሙስ ሌሎቹን ምንጮች አዘግቶ መንደሩን በሙሉ ወደዚያች ወደምትፈራት ምንጭ ሰበሰበው።

«በጥንቃቄ ስለያዝሽልን እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ስነግራችሁ በራሴ እናደዳለሁ። ምንም ሳላደርግ ብቀር ይሻል ነበር። እኔ ግን ግማሽ ግማሽ እያደረግኩ ራሴን አስተኛሁ።

በመጀመሪያ ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ተንበርክኬ፣ «አባቴ፣ ጸበል ያለ ቦታው አዋልኩ» አልኳቸው። ጸበሉን ነው የነገርኳቸው። ጠርሙሱን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ቤት ውስጥ የደፋሁት ወይም ልብስ ያጠብኩበት መስሏቸው ነው፤ መከሩኝ፤ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደቱን አንድም ሳላጎድል ፈጸምኩ። ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰገድኩ፤ ቀለል አለኝም። ከሰው ልጆች ሰርቄ ለውሃው ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚህ የበለጠ ብልጠት አለ? እሳቸውንም ፈጣሪንም ያታለልኩ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሦስት ዓመት ቆይቼ ያ ፕሮጀክት የነበረበትን ቢሮ ፈልጌ ሄድኩ። ላቦራቶሪው ተዘግቶ ነበር፤ ዳዊትም የት እንደሄደ አላውቅም። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ጽዳት ሆኛለሁ፤ ስለዚህ የማጣው ሥራ አልነበረኝም። ታዲያ ለምን ፈራሁ? አላውቅም። ጥበቃው፣ «ማንን ፈልገው ነው እናቴ?» ሲለኝ ስም እንኳ አላውቅም። አንድ ወጣት ሠራተኛ በኮሪደሩ ቆሞ አነጋገረኝ። ስልኩን እያየ ነው።

«የዚያ አገር የምንጭ ውሃ እንደገና ይመርመር ይሆን ወይ ብዬ ነው» አልኩት።

«ፕሮጀክቱ አልቋል እኮ። ፋይሉ ተዘግቷል።»

«እንደው ቢደገምስ? ለጥንቃቄ?»

«ጥያቄው ከወረዳው ነው መምጣት ያለበት። እርስዎ ከወረዳው ነዎት?»

«ከጉለሌ ነኝ።»

ሳቀ፤ ክፋት ግን አልነበረውም። «ከጉለሌማ ከሆኑ ውሃዎ ሌላ ነው» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ተንገበገብኩ። በእሱ ተናደድኩ፤ በጥበቃው፣ በወረዳው፣ ፋይል የሚባለውን በፈጠረው ሰው ሁሉ ተናደድኩ። ማንም አይሰማም፣ ድሃ ሲናገር ማን ይሰማል እያልኩ እስከ ቤቴ አጉረመረምኩ። ሰውዬው ምን ይስማ? ምን ነገርኩትና? «ጠርሙሱን የሞላሁት እኔ ነኝ» ብዬው ቢሆን ስልኩን ያስቀምጥ ነበር። እኔ ግን ሰዎቹ እንዲድኑ፣ ስሜም እንዲተርፍ ፈለግሁ። ሁለቱ አብረው እንደማይሆኑ እያወቅሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የዋህ መስሎ የሚመጣ። ምናልባት አራት ንጹህ ነበረች። ምናልባት በተራራው ሌላ በኩል የምትመጣ ናት፤ ምናልባት ባዘቃው አልደረሰባትም፤ ምናልባት እኔ የሞላሁት ጸበልና የእነሱ ውሃ አንድ ዓይነት ውጤት ነበራቸው። ይህን «ምናልባት» ዘጠኝ ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ። ሲጨንቀኝ አወጣዋለሁ፤ እንደ ክኒን። እውነተኛውን መልስ የያዘው ውሃ አንድ ብቻ ነበር። እሱን እኔ ጨምቄዋለሁ።

ባለፈው በፍልሰታ ጾም አሮጌ ደብተር ስበረብር የጫልቱን ቁጥር አገኘሁት። ጾም ነው፣ በዚህ ጾም ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው አልኩና ደወልኩ። የሚሠራም አልመሰለኝም ነበር። አነሳችው።

ስሜን ከመናገሬ በፊት በድምፄ አወቀችኝ። «የሻይዋ እህቴ!» ብላ ጮኸች። ስለ ሳምሪ ጠየቀችኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት ስላት፣ «በይ ድሪያትና እኩያሞች እንሁን» ብላ ሳቀች። ከዚያ የልጅ ልጆቿን ነገረችኝ። ሁለት ናቸው። ትልቋ፣ ያኔ በሆድ የነበረችው፣ ትምህርት ቤት ገብታለች።

«ጎበዝ ነች፤ ግን እጇ ይንቀጠቀጣል። እርሳስ አይጸናላትም። አስተማሪዋ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው ትላለች» አለች እየሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ትንሹ ደግሞ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ገና አልቆመም።»

«ሐኪም አሳያችሁት?» አልኩ።

«አሳየን። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ውሃውን ነው፤ ወርቅ ከሚታጠብበት ትቀዳላችሁ ወይ ብሎ። አይ፣ የኛ ውሃ አዲስ አበባ ተመርምሮ ንጹህ የተባለ ነው አልነው። ወረቀቱን ራሴ ወስጄ አሳየሁት። እንግዲያው ከውሃው አይደለም ብሎ ተወው።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ያደረግኩት ነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ጠርሙስ። አልነበረም። ወረቀቱ እስካሁን ይሠራል። ሐኪም ትክክለኛውን ጥያቄ ሲጠይቅ ቀድሞ ደርሶ አፉን የሚይዘው የኔ ወረቀት ነው። እኔ እዚህ ተኝቼ፣ ልጄን ትምህርት ቤት ልኬ፣ ጠርሙሱን በየቀኑ እየሞላሁት ነበር።

ታዲያ ያን ጊዜ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። «እግዚአብሔር ይማራቸው» አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ፤ መልሼ አልደወልኩም። በዚያ ጾም አልተናገርኩም።

ስለዚህ ጻፍኩት። አፌ እንደማይታመን አውቄዋለሁ። ይህን ጽፌ ስጨርስ በመጀመሪያ ለሳምራዊት አነብላታለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ትወቅ። ከዚያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለጫልቱ ትልክልኛለች፤ ጫልቱ የማኅበር ጸሐፊ ነች፣ ታነባለች። ለእናንተ ለማታውቁኝ ደግሞ የጻፍኩት፣ ለእሷ ብቻ ከሆነ በመጨረሻው ሰዓት ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ስለምችል ነው። እናንተ ካወቃችሁ ግን መመለሻ የለኝም።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የደፋሁት ውሃ የእናንተ አይደለም። ከጫልቱም አልጠይቅም። ይቅር ብትለኝ ቀለል ሊለኝ ነው፤ እኔ ደግሞ በስግደቱ ጊዜ ቀሎኝ ያየሁት በቂ ነው። ድሃ ነበርኩ፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ልጄ ታስል ነበር። እውነት ነው። የልጇ ሚስትም እርጉዝ ነበረች።

ጫልቱ፣ ይህን ስታነቢ ተቀመጪ። አራት ቁጥር ጠርሙስ ውስጥ የነበረው የእናንተ ውሃ አይደለም። ከእንጦጦ እኔ የቀዳሁት ነው። የእናንተ ምንጭ አንድም ቀን ተመርምራ አታውቅም። ያንን ወረቀት ይዘሽ ዛሬውኑ ወደ ሐኪሙ ተመለሺና ሐሰት ነው በይው፤ ማን ነገረሽ ካለሽ የኔን ስልክ ስጪው። እስኪታወቅ ድረስ ከአራት አትቅዱ። ልጆቹን አታጠጧቸው።

እንደገና ስታስመረምሩ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምንጭ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ቅዱ። አንዱ ቢሰበር፣ የሰበረው ሰው እንዳይፈራ።